ወረቀቱን ወደ ስልካችን አምጡልን፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የሀገሪቱን መጻሕፍትና መዛግብት ለምትጠብቁ፣ የታሪክ ትምህርትንም ለምትመሩ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ የታሪክ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚታመን ምንጭ እንዲያገኙ ትብብር ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ደብዳቤው ክስ እንዳይመስላችሁ። ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ረዘም ያለ ጥያቄ።

በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የጥናት ሥራ እሰጣለሁ። እነሱ «ፕሮጀክት» ይሉታል። ርእስ ይመርጣሉ፣ መረጃ ያሰባስባሉ፣ ጽፈው ያቀርባሉ። ሲወራ ቀላል ነው። መረጃው ከየት ይምጣ? የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያለው መማሪያ መጽሐፉና ጥቂት የተገነጣጠሉ ማጣቀሻዎች ናቸው። መሃል ከተማ ያሉት ትልልቆቹ ቤቶች ከእኛ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ስልካቸውን ያወጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ከስልኩ የሚወጣውን ግን እዩልኝ። አንዱ ተማሪ የዐድዋን ድል መረጠ። ሽፋኑ ላይ ፎቶ ለጥፏል። ወታደሮች ተሰልፈዋል፣ ከበላያቸው አውሮፕላን ያልፋል። ከሥሩ በደማቁ «የዐድዋ ጦርነት፣ 1888 ዓ.ም.» ይላል። የራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ያበረሩት እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ያኔ ዐድዋ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ቲቸር፣ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ስንት ሰው ሼር አድርጎታል» አለኝ። ክፍሉ ሳቀበት። ከሳቁት መካከል ግን ያንኑ ፎቶ ስልካቸው ላይ ያስቀመጡ ነበሩ።

ፎቶ ኮፒ ቤቶቹንም ልንገራችሁ። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች መካከል አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ላይ «ፕሮጀክት» የሚል ፎልደር አለ። ከታሪክ እስከ ባዮሎጂ ሁሉም ተሰናድቶ ተቀምጧል። ልጁ ስሙንና ክፍሉን ይናገራል። ጸሐፊዋ ሽፋኑን ትቀይራለች፣ ታትማለች፣ ትጠርዛለች። አለቀ። በተለያየ ክፍል የሚማሩ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ሥራ፣ ከነፊደል ግድፈቱ፣ አስረክበውኛል። በአንደኛው ግርጌ ላይ የአምና ተማሪ ስም ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ስለ የካቲት 12 ስትጽፍ «ማጣቀሻ ስጠኝ» አለችው። ሰጣት። የመጽሐፉ ርእስ ያምራል። ደራሲ አለው፣ ዓመተ ምሕረት አለው፣ የገጽ ቁጥር ሳይቀር አለው። ልጅቷ የምር ሠራተኛ ናትና ቅዳሜ ታክሲ ቀያይራ መሃል ከተማ ሄደች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፈልገው ፈልገው «የኔ ልጅ፣ እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም» አሏት። ሌላ ቦታም ጠየቀች፣ የለም። ከራሱ ፈጥሮ ነው የሰጣት። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ነገር ነው። መደርደሪያ ሄዶ መጽሐፍ ያወረደ ይመስላል እንጂ አላወረደም። ድሮ ተማሪ ከመጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። ቢያንስ መጽሐፉ ነበረ!

ልጆቹ ቴሌግራም ላይ የሚቀሩት ሰነፍ ስለሆኑ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ የነገራቸው ስለሌለ ነው። ያለው ነገር ብዙ ነው፤ ተበታትኗል፣ በፈረንጅ ቋንቋ ነው፣ በሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። የእኛው የራሳችን ወረቀት ደግሞ አብዛኛው ገና መደርደሪያ ላይ ነው። ጥያቄዬ ከዚህ ይመነጫል።

አስቀድሜ ግን ያለውን ልጥቀስ። እናንተ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ግልጽ ነውና ወላጅም ተማሪም ያንብበው ብዬ ነው።

የጣልያንን ወረራ የሚያጠና ልጅ ጄኔቫ ያለውን የመንግሥታቱ ማኅበር መዝገብ ቤት ቱሉ ዲምቱ ቁጭ ብሎ መክፈት ይችላል። የማኅበሩ ወረቀት ስካን ተደርጎ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ገጽ ነው፤ በነፃ ይነበባል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ማኅበሩ ፊት ቆመው አቤት ብለዋል። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ የተላኩ ቴሌግራሞች አሉ። ቴሌግራም ስል የድሮውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት በዓይኑ ያየ ልጅ «አንዳንድ ምንጮች እንደሚሉት» ብሎ መጻፍ ያስጠላዋል።

ጣልያኖቹ ራሳቸው ያነሱት ፊልምና ፎቶ ደግሞ ሮም ባለው ኢስቲቱቶ ሉቼ በተባለው የፊልም ተቋም ድረ ገጽ ላይ ይታያል። ይህን ለልጆች ስነግር አንድ ማስጠንቀቂያ አስከትላለሁ። ፊልሙ የዚያ ዘመን ነው፣ የዚያ ቦታ ነው፣ ማንም አልፈበረከውም። ካሜራውን የያዘው ግን የፋሺስቱ መንግሥት ነው። መንገድ ሲጠረግ ታያላችሁ። ባንዲራ ሲሰቀል ታያላችሁ። የመርዝ ጋዙን አታዩትም። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከጦርነቱ 60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ተማሪው ሉቼን ይይ፣ ከጎኑ የጄኔቫውን አቤቱታ ያስቀምጥ። አንዱ የደበቀውን ሌላው ያወጣዋል።

የካቲት 12ም እንዲሁ ነው። በ1929 ዓ.ም. በዚያች ቀንና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ተገደለ? የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ ብዙ ዓመት አጥንቶ 19,000 ገደማ ብሏል። የያኔዎቹ የጣልያን ባለሥልጣናት የሰጡት ቁጥር ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። ልጆቹ «ቲቸር፣ ለፈተና የትኛውን እንያዝ?» ይሉኛል። ሁሉንም ያዙ እላለሁ፤ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በምን ቆጥሮ እንዳለው ጨምራችሁ። ይህ መልስ ደስ አይላቸውም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ደስ አይለኝም ነበር።

የብራና ጽሑፍ የሚፈልግ ካለ ሚኒሶታ የሚገኝ ሂል የሚባል የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እዚሁ አገር ውስጥ ከየገዳሙና ከየደብሩ በማይክሮፊልም የተነሡ 9,000 ገደማ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ቅጂ ይዟል። በነፃ ተመዝግቦ ዲጂታል የሆኑትን ማየት ይቻላል። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተዘርፈው የሄዱትና ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ካሉት ብራናዎች መካከልም በፎቶ የተነሡ አሉ። የራስን መጽሐፍ ከሰው አገር ስክሪን ላይ ማንበብ ቅር ያሰኛል። ቢሆንም ይነበብ፤ የመመለሱ ክርክር ለብቻው ይቀጥላል።

የተመራማሪ ጽሑፍ ለሚፈልጉ ትንሽ ከፍ ላሉት ተማሪዎች «አናል ዴትዮፒ» የተባለው የፈረንሳዮቹ መጽሔት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የወጡ እትሞቹ ፐርሴ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባሉ። የመልካ ቁንጡሬን ቁፋሮ የሚፈልግ ልጅ ዘገባዎች እዚያ ያገኛል። ፈረንሳይኛ አያስፈራው፤ ጎግል ትራንስሌት ሙሉ በሙሉ ባይታመንም ሐሳቡን ለመያዝ ይበቃል። ሐምቡርግ የሚታተመው «ኤትዮፒካ» መጽሔትም ክፍት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ በታሪክ ክፍሉ ተማሪዎች የተሠሩ ስለ አንድ ወረዳ፣ ስለ አንድ ከተማ የሚያወሩ ጥናቶች ይገኙባቸዋል። ለአካባቢ ታሪክ ከእነዚህ የሚሻል አላየሁም። የምሁራን መጽሔቶች የተሰበሰቡበት ጄስቶር የተባለው ድረ ገጽም ቢሆን ነፃ አካውንት ለከፈተ ሰው በወር እስከ 100 ጽሑፍ ኦንላይን ያስነብባል።

ስለ ኤርትራ ፌዴሬሽን ወይም ስለ 1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ለሚጽፍ ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የድሮ ደብዳቤዎቹን በድረ ገጹ አውጥቷል። አምባሳደሩ ለአለቆቹ የጻፈውን ማንበብ ነው። አምባሳደር የሚጽፈው ግን የራሱን መንግሥት ጥቅም እያሰበ ነው። ይህንንም መንገር ያስፈልጋል።

ውክፔዲያን መምህራን ስንኮንን ኖረናል። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ግቡ፣ አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ግርጌ ማስታወሻው ውረዱ። የምትጠቅሱት የግርጌውን ነው፤ እሱንም ከፍታችሁ ካያችሁት። የአማርኛው ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ቢኖርም ጽሑፎቹ 15,000 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሁለት ሦስት መስመር።

ይህን ሁሉ ነግሬያቸውም ገና አንድ ጣጣ አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። ከምንም በላይ ልጆቻችንን የሚያሳስታቸው እሱ ነው። እኛ ሰፈር ያለውን ባቡር ምሳሌ ላድርግ። ከሰፈራችን የማይርቀው የእንዶዴ ጣቢያ ያለበት አዲሱ የጅቡቲ መስመር የተመረቀው መስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። አሮጌው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንዲያው ልክ መቶ ዓመት። ይህን ርእስ የመረጡ ልጆች ነበሩኝ፤ በጣም ወደድኩላቸው። የእንግሊዝኛው ድረ ገጽ 1917 ይላል። ልጆቹም «ባቡሩ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ» ብለው ጻፉ። ባቡሩ ስምንት ዓመት ዘገየ! ሌላው ቡድን ሁለቱንም ቁጥር አግኝቶ «ምንጮቹ ይጋጫሉ» ብሎ ግማሽ ገጽ ተከራከረ። የሚጋጭ ነገር የለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በላይ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ፈረንጆቹ ዓመት ከቀየሩ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። የዐድዋ ድል የካቲት ላይ ስለሆነ 1888 ላይ ስምንት ጨምረን 1896 እንላለን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጥቅምት ላይ ስለሆነ 1923 ላይ ሰባት ጨምረን 1930። ይህች አራት መስመር የማትሞላ ማብራሪያ ናት። በአማርኛ ተጽፋ ልጁ የሚያገኛት ቦታ ላይ ብትቀመጥ ስንት ገጽ ስሕተት ታድናለች።

የፊደሉም ነገር አለ። ዐድዋ፣ አድዋ፤ ኃይለ ሥላሴ፣ ሀይለ ስላሴ። መፈለጊያው ሁሉንም አንድ አድርጎ አያመጣም። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል፤ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ሁሉም በየራሱ ጆሮ ነው የጻፈው። በአንድ አጻጻፍ ፈልጎ ያጣ ልጅ «መረጃ የለም» ብሎ ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 አራት ኪሎ ላይ ተከፈተ። ሀብቱ አለ። ቤቱም አለ። ልጆቼን ሰብስቤ ባመጣቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አርባና ሃምሳ ልጅ ከቱሉ ዲምቱ አራት ኪሎ ለማድረስ የታክሲውን ወጪ ወላጅ ነው የሚከፍለው። ደርሰንስ የምንፈልገው ነገር መኖሩን በምን እናውቃለን?

ሌላው ደግሞ የትብብር ደብዳቤው ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ተማሪዎች የድሮ ጋዜጣ ለማየት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ስሙን አልጠራም፤ የትም ሊያጋጥም የሚችል ነው። ከርእሰ መምህሩ ደብዳቤ አጽፌላቸዋለሁ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። በር ላይ ያለው ሰው ደብዳቤውን ገልበጥ አድርጎ አየና «ወጪ ቁጥር የለውም» አላቸው። መለሳቸው። ቁጥሩ ተጽፎ ተመልሰው ሲሄዱ ደግሞ ፈቃጁ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ልጆቹ ርእሳቸውን ቀየሩ። ምን ብለው ቀየሩት አትሉኝም? ቴሌግራም ላይ በቀላሉ ወደሚገኝ ነገር።

መዝገብ መጠበቅ እንዳለበት አውቃለሁ። የሰማንያ ዓመት ጋዜጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ቢወድቅ ጠርዙ ይረግፋል። ስለዚህ ዋናውን አትስጡን። ምስሉን ስጡን።

የምለምነው ይህን ነው። ከድሮ ጋዜጦች አንዱን፣ አዲስ ዘመንን ቢሆን እመርጣለሁ፣ ከመጀመሪያው እትም ጀምራችሁ ገጽ በገጽ ኢንተርኔት ላይ አውጡልን። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አላልኩም። የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ቢወጣ ለእኛ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ይሆነናል። ስካን የተደረገ ካላችሁም በአንድ ክፍል ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ። ደግሞ አደራ፣ የሦስት መቶ ሜጋባይት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ እንዳታስቀምጡት። ልጆቹ የሚያነቡት በስልክ ነው፣ በሳምንታዊ ጥቅል ነው። አንድ ገጽ በአንድ ምስል፣ ቀለል ብሎ፣ ከላዩ ቀኑና የእትም ቁጥሩ ተጽፎ። ይኸው ነው። ለእንዲህ ያለው ገጽ ዳታ እንዳይቆረጥ ከቴሌ ጋር መነጋገር ብትችሉ ደግሞ ምርቃት ነው።

ካታሎጋችሁንም በስልክ እንየው። መጽሐፉ መኖሩን፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይፈቀድ እንደሆነ ታክሲ ከመያዛችን በፊት ብናውቅ ያቺ ጎበዝ ልጅ ቅዳሜዋን ባላቃጠለች። ደብዳቤውንም ቢሆን አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጁና ኢንተርኔት ላይ ስቀሉት። ወጪ ቁጥሩ የት እንደሚጻፍ እናያለና።

የቅጂ መብት እንዳይባል አዋጁን አይቼዋለሁ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ኢኮኖሚያዊ መብት የሚጠብቀው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያረፉት በ1911 ዓ.ም. ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931። የእነሱን ሥራ በንጹሕ ቅጂ፣ የርእስ ገጹ ሳይቆረጥ፣ የታተመበት ዓመት እየታየ ማውጣት ማንንም አይጎዳም። አሁን ልጆቹ ቴሌግራም ላይ የሚያገኙት የድሮ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ በስልክ ካሜራ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ገጹ የለም፣ መሃሉ ላይ አውራ ጣት አለበት። ማን ጻፈው፣ መቼ ታተመ ለሚል ጥያቄ መልስ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ደግሞ ያ የዘረዘርኩት የበር ዝርዝር ነው። የጄኔቫው፣ የሮሙ፣ የሚኒሶታው፣ የዩኒቨርሲቲው። በአማርኛ፣ እንዲሁም ልጆቹ በሚማሩባቸው ሌሎች ቋንቋዎች አንድ ገጽ ተዘጋጅቶ የእናንተ ማኅተም ያለበት ድረ ገጽ ላይ ቢወጣ ስንቱን መምህር ይገላግላል። ገንዘብ አይጠይቅም። በየበሩ ሥር ሁለት መስመር ይበቃል፦ ምን አለው፣ ማን ሰበሰበው፣ እንዴት ይገባል። የዘመን አቆጣጠሩ ማብራሪያ ከላዩ።

«የሚታመነውን ማን ይወስናል? ታሪካችን አከራካሪ ነው፤ ነገ አንዱ ተነሥቶ ለምን የእገሌን አስገባችሁ ይለናል» ብላችሁ ልትፈሩ ትችላላችሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ አየዋለሁ። ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ታሪክ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰፈራችን ራሱ ከብዙ ቦታ የመጣ ሰው ሰፈር ነው። ግን ገጹ ማን ልክ እንደሆነ አይፍረድ። ወረቀቱ የት እንዳለ ብቻ ይናገር። ክርክሩን ለእኛ ተዉልን። ዛሬ የሚያስቸግረኝ ክርክሩ መኖሩ ሳይሆን ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በአንድ ደቂቃ ቲክቶክ ቪዲዮ መሆኑ ነው። አንድ ጋዜጣ መሃላቸው ላይ ባስቀምጥላቸው ቢያንስ በአንድ ነገር ላይ ይጣላሉ።

የትምህርቱን ሥራ የምትመሩ ወገኖች ላይም ትንሽ ልጨምር። ፕሮጀክት ሲታረም ነጥቡ የሚሰጠው ለገጽ ብዛትና ለሽፋን ውበት እስከሆነ ድረስ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያሸንፋል። እኔ ክፍሌ ውስጥ አሠራሩን ቀይሬዋለሁ። ግማሹ ነጥብ ለመንገዱ ነው። የት ፈለግህ፣ በምን ቃል ፈለግህ፣ ምን አጣህ፣ የትኛውን ለምን ጣልክ። ይህን በእጁ ጽፎ ያመጣል፣ ቁሞም ይመልሳል። ሥራው ወደ አራት ገጽ ወረደ። ፎልደር ውስጥ ግን የለም፤ ቻትጂፒቲም ልጁ ትናንት ምን እንዳጣ አያውቅም። ወላጆች መጀመሪያ አኮረፉ፤ «የእህቱ ሃያ ገጽ ነበር» ያሉኝ አሉ። መምህራን ይህን በየራሳችን ከምንሞክረው በመመሪያ ቢመጣ ከወላጅ ጋር መጨቃጨቁ ይቀርልን ነበር። የፎቶ ምርመራም ይጨመር። ጎግል ሌንስ ላይ ፎቶን ጭኖ ሌላ የት የት እንደወጣ ማየት የአምስት ደቂቃ ትምህርት ነው። ያ ባለአውሮፕላኑ ዐድዋ በዚያች አምስት ደቂቃ ይወድቅ ነበር።

በባዶ እጄ አልለምንም። ምስል አይቶ የአማርኛ ጽሑፍ የሚለይ ነፃ ሶፍትዌር አለ። የድሮ ጋዜጣ ላይ ግን ቀለሙ ስለደበዘዘና ፊደሉ ስለሚቀራረብ ይሳሳታል። የሰው ዓይን ያስፈልገዋል። የእኔ ተማሪዎች በአማርኛ ኪቦርድ ከእኔ በሦስት እጥፍ ይፈጥናሉ። ምስሉን ላኩልን፤ የእያንዳንዱን ገጽ ርእሰ ዜናዎች፣ የተጠቀሱ ሰዎችንና ቦታዎችን በኤክሴል እየመዘገብን እንመልስላችኋለን። በየሥራው ላይ የሁለት ልጅ እጅ እንዲያልፍበት አደርጋለሁ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያርማል። ያ መዝገብ የእናንተ ይሁን፤ ጎንደርና ጅማ ያለ ተማሪም ይፈልግበት። የአቃቂና የቃሊቲ መምህራን ባልደረቦቼን ጠይቄ «እኛም አለን» ያሉኝ አሉ።

ለመጀመር የ1933ቱን አዲስ ዘመን ጥቂት እትሞች ብቻ ብትልኩልን በቂ ነው። በፍላሽ ቢሆንም መጥቼ እወስዳለሁ። የትብብር ደብዳቤውንም ይዤ እመጣለሁ፣ ወጪ ቁጥር ያለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ